ጀርባውን አሳዪኝ

ሌስተር ሁዳክ ወንበር የሚጠላ ሰው ነበር። በየወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ የቤዝቦል ተጫዋቾች ፎቶ ያለበትን የድሮ ካርድ የምንሸጥበትና የምንለዋወጥበት ገበያችን ሲቆም፣ ሁላችንም ጠረጴዛችንን ዘርግተን ከኋላው እንሰየማለን። እሱም ካርዶቹን ይደረድራል፣ ታጣፊ ወንበሩን ይዘረጋል፣ ከዚያ ሳይቀመጥበት ይሄዳል። «ቨርና፣ አንድ ዐይንሽን ጣል አድርጊልኝ» ይለኛል። የጠረጴዛ ጎረቤቱ ስለሆንኩ አንድ ዐይኔን ስጥልለት ሃያ አንድ ዓመት ኖርኩ። ሌላኛው ዐይኔ ለራሴ ዕቃ መቅረቱም ተመስገን ነው።

አካሄዱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ከበሩ ይጀምርና ጠረጴዛ በጠረጴዛ ይዞራል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የአሥራ ዘጠኝ ሃምሳ ስድስቱን፣ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ቁጥርን ይዘሃል?» ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ክላይድ ቮስ ነው። ሁለት ጥሩ በጋ ተጫውቶ የተረሳ፣ ሰብሳቢ ሁሉ ካርዱን ታችኛው ሣጥን ውስጥ የሚወረውረው ተጫዋች። ካርዱ ካለህ ሌስተር ቀጥሎ «ጀርባውን አሳየኝ» ይላል። እኛ ካርድ ስናነሳ መጀመሪያ የምናየው ፊቱን ነው፤ ማዕዘኑ ተልጧል ወይ፣ ቀለሙ ደብዝዟል ወይ እንላለን። እሱ ፊቱን ዘወር ብሎም አያየውም። ጀርባውን አንድ ትንፋሽ ያህል ያያል፣ ያመሰግናል፣ ይመልሳል፣ ያልፋል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቮስ ሲገዛ ወይም ሲለዋወጥ አላየሁም።

«ሌስተር፣ አንድ ቀን እንኳ የሰውየውን ፊት ብታየው ምን ትሆናለህ?» ይለዋል መርል ስታውፈር፣ ከወዲያ ማዶ። «ቮስ እኮ ያን ያህል አያስጠላም!»

«አንተን እያየሁ ስንት ዓመት ኖርኩ፣ እሱ ምን ያደርገኛል» ይልና ሌስተር ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ይሻገራል።

ሰው እንዲህ የሚያቅበጠብጠው በሽታ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ብረት ፋብሪካው ገባ፤ እዚያ ደግሞ የተቀመጠ ይባረራል። ፋብሪካው ሲዘጋ የዳቦ መኪና መንዳት ጀመረና ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሸለቆ ውስጥ ዳቦ ያላደረሰበት ሱቅ የለም። ባለቤቱ ፓውላ በሕይወት ሳለች «ከሌስተር ጋር መኖር አውቶቡስ ተራ ውስጥ እንደ መኖር ነው» አለችኝ። «ተኝቶ እንኳ አንድ እግሩ ከአልጋው ወርዶ ነው የሚያድረው።» እሷ ከሞተች በኋላ ምሳውን ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሞ እንደሚበላ ራሱ ነግሮኛል። ደግ ሰው ነው፤ ሣጥኖቼን ከመኪና አውርዶ የሚያስገባልኝ እሱ ነው። ግን ውለታውን ላመሰግነው ዞር ስል የለም።

እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳሁ ሴት ነኝ። በአዳራሹ የራሷ ጠረጴዛ ያላት ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ አፌም አያርፍም። ከሁሉም በላይ የምኮራበት ሙያ ግን ጽዳቴ ነበር። የድሮ ካርድ የልጅ እጅ ነው ያለፈበት፤ ልጅ ደግሞ ይጽፍበታል። ስሙን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የሚወዳትን ልጅ ስም ይጽፋል። የተጻፈበት ካርድ ማንም አይፈልገውም። እኔ ለስላሳ ነጭ ላጲስ ይዤ፣ በትንሽ በትንሹ እያሽከረከርኩ፣ እፍ እያልኩ፣ እርሳሱን ከወረቀቱ ላይ እንዳልነበረ አደርገዋለሁ። አንዳንዱ ማጭበርበር ነው ይላል። እኔ ጽዳት ነው እል ነበር።

ገበያው ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ የምንጫወተው አንድ ጨዋታ አለን። ቡናችንን በወረቀት ኩባያ ይዘን፣ አንዱ «የኔን ካርዶች እናቴ ጣለቻቸው» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ያልተጣለበት የለም። አንዱ አንድ ሣጥን፣ ሌላው ሁለት ሣጥን፤ የመርል እናት ደግሞ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረች አሁን አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ጥላለች። እንስቃለን። ሌስተር ግን ይህ ጨዋታ ሲጀመር ወይ ሽንት ቤት ነው፣ ወይ ውጭ መኪናው ጋ ነው። ሌላ ነገር ላይ ቀልዶ የማያውቅ ሰው ቢሆን ባልገረመኝ።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በግንቦቱ ገበያ፣ ሌስተር ዙሩን ሳይጀምር መጣና የኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ደነገጥኩ።

«ምነው? ታመምክ እንዴ?»

«ኤሚል ነው» አለ። ኤሚል በአራት ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ነው። «ልቡ ደክሟል። ሐኪሙ ሐምሌን ይሻገራል ብሎ አያስብም።»

«ውይ፣ ሌስተር…»

«ያቺ ካርድ የእሱ ናት፣ ቨርና። የምፈልጋት።»

ከዚያ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። ጠረጴዛዬን ሁለት ጊዜ ዞረው። ሃያ አንድ ዓመት ያልነገረኝን በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ኤሚል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ኃይለኛ ትኩሳት ልቡን መታውና ከተማ ሆስፒታል ወሰዱት። ከመታመሙ በፊት ሬዲዮው ሥር ተደፍቶ ጨዋታ ሲያዳምጥ፣ ክላይድ ቮስ ኳሷን ከአጥር ውጭ በላካት ቁጥር በቮስ ካርድ ጀርባ አንድ ጭረት ያደርግ ነበር። «አራት ቋሚ፣ አምስተኛው የሚያቋርጥ» አለኝ ሌስተር፣ በጣቱ ጠረጴዛዬ ላይ እያሳየኝ። «ዳር ዳሩን፣ ዙሪያውን። እርሳሱን ምራቅ ያስነካና ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ይጫነዋል።»

ይህን ሲለኝ ክው አልኩ። ግን እሱ አላየኝም፤ የሚያየው የአዳራሹን በር ነው።

«አንድ ቀን ሐኪሙ ወጥ ቤት ቆሞ ለእማማ ሲነግራት ሰማሁ። ልጅሽን ተሰናበቺው አላት። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሞተ ሰው ካርድ ምን ያደርግለታል አልኩ፣ ቨርና። በዚያው ከሰዓት ታች ሰፈር ካለ ልጅ ጋር ተለዋወጥኩት። በአምስት ካርድና በአንድ ወንጭፍ። በሳምንቱ የልጁ አባት ሌላ የከሰል ጉድጓድ ሥራ አገኘና ቤተሰቡ ጠቅልሎ ሄደ። ጥቅምት ላይ ኤሚል በእግሩ እየሄደ ቤት ገባ።»

«መጀመሪያ የጠየቀው ካርዷን ነው» አልኩ ገምቼ።

«ኮቱን ሳያወልቅ። እኔም እማማ ስታጸዳ ጣለቻት አልኩ።»

እናታቸው መጥረጊያ ይዛ እዚያው ቆማ ነበር። ቤቱን ሁሉ በመድኃኒት ስታጥብ የከረመች ሴት ናት፤ አልጣልኩም ለማለት እርግጠኛ አልነበረችም። «ጥያት ይሆናል ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አለችው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የኤሚል ልደት ሲደርስ ከሠፈሩ ሱቅ አንድ ፓኬት ካርድ ትገዛና ከሳህኑ አጠገብ ታስቀምጥለታለች። «ያው ስለዚያች ነገር» ትለዋለች። ልጁ አድጎ፣ አግብቶ፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖም አላቋረጠችም።

«ሃያ አራት ዓመት» አለ ሌስተር። «እስክትሞት። እኔ በየዓመቱ ቆሜ አያለሁ። ቀብሯ ላይ ኤሚል ተነስቶ ካርዴን የጣለችው ሴት ብሎ ቀለደባት፣ ሰው ሁሉ በእንባ መሀል ሳቀ። እኔ ወጣሁ።»

«አሁን ሂድና ንገረው!»

«ባዶ እጄን? ሄጄ ምን ልበለው? ካርዷን ይዤ ካልሆነ አፌ አይከፈትም። ሞክሬያለሁ።» ተነሳ። «ከዚህ በኋላ ሁለት ገበያ ቢቀረኝ ነው።» ብሎ ዙሩን ከበሩ ጀመረ።

ያቺን ካርድ አውቃታለሁ። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከአንድ የሞተ ሰው ቤት በገዛሁት የጫማ ካርቶን ውስጥ ነበረች፤ ጀርባዋ ዙሪያውን በጭረት ተሞልቶ። ሁለት ቀን ፈጅታብኛለች። «ይህ የማን ባለጌ ልጅ ነው!» እያልኩ እየተሳደብኩ፣ አንድ ሙሉ ላጲስ ጨርሼባት፣ እፍ ብዬ፣ ጸድታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኳት።

በሚቀጥለው ወር ሌስተር መጣ። «ቨርና፣ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት አለሽ? ጀርባውን አሳዪኝ» አለ። ሰጠሁት። አየ። ንጹሕ ነው። አመሰገነና መለሰልኝ። በወሩም መጣ፣ ምናልባት ሌላ አምጥተሽ ይሆናል ብሎ። እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ሰባት ዓመት ተቀመጠች። በየወሩ የወንድሙን ካርድ እጁ ላይ እያኖርኩ፣ በየወሩ እየመለሰልኝ ኖርን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ወርቁን መዳብ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። በመጨረሻ ለመርል ለወጥኩለት፤ ስብስቡ ውስጥ አንድ የጎደለችው እሷ ነበረች።

አሁንም እዚያው ናት። መርል የሃምሳ ስድስቱን ሙሉ ስብስብ በአራት ትልልቅ አቃፊ ይዞ ይመጣል፣ ከላይ «ለማየት ብቻ» የሚል ወረቀት ለጥፎ። ጡረተኛ ፖስተኛ ነው። ካርድ ከእጁ ከሚወጣ ጥርሱ ቢወጣ ይመርጣል።

በኛ ዘንድ አንድ ደንብ አለ፤ ምን እንደምትፈልግ እንጂ ለምን እንደምትፈልግ አይነገርም። ችግርህን ያወቀ ቆዳህን ይገፍሃል። ስለዚህ ምንም እንዳልሆነ መስዬ፣ ፒሮጊ የሚባል ድንች የታጨቀበት ሊጥ የሞላ የወረቀት ሳህን ይዤ ማዶ ተሻገርኩ።

«መርል፣ እንካ ብላ። ሽንኩርቱ ዛሬ በደንብ ቀልቷል።»

«ምን ፈለግሽ?» አለ፣ ፒሮጊውን እየጎረሰ።

«ምን እፈልጋለሁ? ያ ከኔ የወሰድከው ቮስ… አለ አይደል? አንዱ ሰው ጠይቆኝ ነው። በሱ ፈንታ ሁለት ቮስ ልስጥህ፣ ሁለቱም ካንተው የተሻሉ፣ ማዕዘናቸው እንደ ምላጭ።»

ማላመጡን አቆመ። ይህን ያልኩበት አፌን በጥፊ በመታሁት ደስ ባለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«ሁለት የተሻለ በአንድ?» አለ። «ቨርና፣ እኔ ሞኝ እመስላለሁ? አንቺ በሕይወትሽ ለማንም ሁለት በአንድ ሰጥተሽ አታውቂም። የኔዋ ላይ እኔ የማላውቀው ነገር አለ ማለት ነው።»

«ምንም የለባትም።»

«የሕትመት ስሕተት አለባት?»

«የለባትም አልኩህ እኮ! ቮስ ናት። ክላይድ ቮስ!»

«እንግዲያው ትቀመጣለች» አለና ሌላ ፒሮጊ አነሳ።

ከኋላዬ ሌስተርን አየዋለሁ። አምስተኛው ጠረጴዛ ደርሷል፤ የሰው ሣጥን ላይ ጎንበስ ብሎ የሆነ ካርድ ገልብጦ ያያል። መለሰው። ወደ ስድስተኛው አለፈ።

«ምን ብሰጥህ ትሰጠኛለህ?» አልኩት። ይህ ጥያቄ በኛ ሠፈር እጅ መስጠት ነው።

መርል አፉን ጠረገ። ዐይኑ እኔን አልፎ ወደ ጠረጴዛዬ ሄደ፣ መስታወት ሥር ወደ ተኛችው። ልዊስ ፔንሮድ፣ ግራኝ ኳስ ወርዋሪ፣ የሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት። ስምንት ዓመቴ ሳለ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ከኮት ኪሱ አውጥቶ የሰጠኝ ናት። ሴት ልጅ ምን ታደርገዋለች ሲሉት «እሷን ጠይቋት» ብሎ መለሰላቸው። መርል አሥራ አምስት ዓመት ለምኖኛል። አሥራ አምስት ዓመት ስቄበታለሁ።

«ፔንሮድ» አለ፤ እንደምሰድበው እያወቀ።

«እሺ።»

«ትቀልጃለሽ።»

«እጅህን ስጠኝ፣ መርል፣ ሳልነቃ።»

እጁን ሰጠኝ። በኛ ዘንድ ከተጨባበጡ ወዲያ መመለስ የለም። ቮስን ከፕላስቲክ ኪሷ አውጥቶ ሰጠኝ። ለምን እንደፈለግኳት ኋላ ነገርኩት። ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ፔንሮድን ግን እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ቤት ወስጄ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ንጹሕ ናት። ሙያዬ ራሱ አሳፈረኝ። ከዚያ ወደ ጎን አዘንብዬ ብርሃኑን በአግድም ሳሳልፍባት ታየኝ። ላጲሱ እርሳሱን ነው እንጂ ጉድጓዱን አልወሰደም። ልጁ እውነትም ተጭኖት ነበር። አራት ቋሚ፣ አንድ የሚያቋርጥ፤ አራት ቋሚ፣ አንድ የሚያቋርጥ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አንድ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ለመደበቅም አልሞከርኩ።

እሑድ ጧት ደውዬ ና አልኩት። ገና ከመኪናው ሳይወርድ ግቢው ውስጥ ካርዷን ሰጠሁት። እንደ ልማዱ ገለበጣት።

«ንጹሕ ነው» አለና ሊመልስልኝ እጁን ዘረጋ።

«ወደ ፀሐዩ አዘንብላት።»

አዘነበላት። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እየቆጠረ ነው። እኔም ዐይኔን በጨው ታጥቤ ሁሉንም ነገርኩት። ላጲሱን፣ ስድቤን፣ ሰባቱን ዓመት።

መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለተኛ ዞረ። ሦስተኛው ላይ የኋላውን ጎማ በእርግጫ መታው።

«ሰባት ዓመት!» አለ። «እጄ ላይ ነበረች! እኔ ደግሞ በየወሩ አመሰግንሽ ነበር!»

«ታመሰግነኝ ነበር።»

«አንቺን ልስደብሽ ወይስ ልሳምሽ አላውቅም።»

«ሁለቱም ይገባኛል። መጀመሪያ ግን ኤሚል ጋ እንሂድ።»

«እንሂድ? አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«የደመሰስኩት እኔ ነኛ። የኔን ድርሻ ባንተ አፍ አላስነግርም።»

ኤሚል ሳሎን ውስጥ ጋደም በሚያደርግ ወንበር ላይ ነበር፣ የኦክስጅን ቱቦው አፍንጫው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ ጨዋታ እያሳየ። ከሌስተር የቀጠነ ነው፣ ዐይኑ ግን ገና የአስተማሪ ዐይን ነው።

«ይሄ ሰውዬ ሳይደውል መጣ» አለኝ። «ወይዘሮ ቨርና፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ። እሱን ተቀመጥ አልለውም፣ ጉልበቴን አልጨርስም።»

ሌስተር ቮስን ብርድ ልብሱ ላይ አኖረለት። ከዚያ ከበሩ አጠገብ ቆሞ፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ፣ ተናገረ። ሐኪሙን፣ ደረጃውን፣ ወንጭፉን። «ትሞታለህ ብዬ ነው» አለ። እኔም ድርሻዬን አከልኩ። ኤሚል አላቋረጠንም። ካርዷን ገልብጦ የአውራ ጣቱን ጥፍር ዳር ዳሯን እየሳበ ሄደ፤ ጭረቱን የት እንደሚያገኘው ማንም አላሳየውም።

«ሠላሳ አንድ» አለ። ቀጥሎ «እማማ አልጣለቻትም?»

«አልጣለቻትም።»

«አንተ ከብት!» አለ። ቱቦው ፉጨት አሰማ፤ ተነስቼ ልይዘው ስል በእጁ ከለከለኝ። «ሃያ አራት ዓመት ይቅርታ ጠየቀችኝ! ሃያ አራት ዓመት! ቀብሯ ላይ እንኳ አሳቅኩባት፣ አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ!»

«ቆሜ ነበር» አለ ሌስተር።

ኤሚል አየሩን እየሳበ ቆየ። የሚያባርረን መሰለኝ፤ ቦርሳዬን አነሳሁ። «ያን ቁም ሣጥን ክፈት» አለው ለወንድሙ። «ከታች የብስኩት ቆርቆሮ አለ። አምጣው።»

ሌስተር አመጣው። ክዳኑ ሲነሳ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የካርድ ፓኬት ነው፣ ሃያ አራት፣ በየዓመታቸው ቅደም ተከተል የተደረደረ፤ አንዱም አልተከፈተም። ሰም የተቀባው ወረቀታቸው እንዳለ፣ ማኅተማቸው እንዳለ። ከሃምሳ ስምንት ጀምሮ! እኛ አንዲቷን እንኳ በዐይናችን ለማየት አገር አቋርጠን የምንሄድላት ናት። ስፍራው አይደለም እያልኩ አእምሮዬ ሒሳብ ጀመረ፤ ራሴን ታዘብኩት።

«ለምን አልከፈትካቸውም?» አለ ሌስተር።

«ተናድጄ ነዋ! መጀመሪያ ልጅ ስለነበርኩ ተናደድኩ። ሳህኔ አጠገብ ስታኖርልኝ አንስቼ እሄዳለሁ፣ አልከፍትም፣ ታየኛለች። ኋላ ንዴቱ አለፈ፣ መክፈት ግን አፈርኩ። አንድ ቀን እንኳ ግድ የለም አላልኳትም፣ ሌስተር። አንተ ዋሸህባት፣ እኔ ደግሞ አኮረፍኳት። እሷ የሁለታችንንም ይዛ ሞተች።»

የመጀመሪያዋን ፓኬት አነሳና ጥፍሩን ማኅተሙ ሥር አስገባ።

«አይክፈቱት!» ብዬ ጮህኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ። «ምንም አይደለም» አልኩ። «ይክፈቱት። እኔን አይስሙኝ።»

ቀደደው። ወረቀቱ ለስድሳ ዓመት ተጣጥፎ የቆየ ስለሆነ ድምፁ እንደ ደረቅ ቅጠል ነበር። ከካርዶቹ ጋር የታሸገው ማስቲካ ተሰባብሮ ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። ኤሚል ካርዶቹን ሳያይ ወደ ጎን አደረጋቸውና ከማስቲካው አንድ ስባሪ አንስቶ አፉ ውስጥ ከተተ።

«ኧረ ጥርስህ!» አለ ሌስተር።

ኤሚል አላመጠ። ፊቱ ተጨማደደ፣ ዐይኑ እንባ ሞላ። «ጠመኔ ነው» አለ። ዋጠው። ከዚያ ማናችንንም ሳያይ «ግድ የለም፣ እማማ» አለ።

ሌስተር ኮፍያውን አፉ ላይ ጭኖ ቆመ። ኤሚል ሁለተኛውን ፓኬት ከቆርቆሮው አወጣና ዘረጋለት።

«እንካ። ይሄኛው ያንተ ነው። ከፍተህ የምትላትን በላት።»

«አልችልም፣ ኤሚል።»

«ትችላለህ። ሃያ ሦስት ቀርቶናል። ተቀመጥ።»

ሌስተር ወንበር ስቦ ተቀመጠ።